በቤት ገመድ አልባ መረብ ደኅንነት ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

1. መነሻ

በየቤቱ ከቴሌቪዥን አጠገብ ወይም ከመደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው ራውተር የምንለው ትንሽ ሣጥን፣ ከውጭ የሚመጣውን የኢንተርኔት መስመር ተቀብሎ በቤቱ ውስጥ ላሉት ስልኮችና ኮምፒዩተሮች በሬዲዮ ሞገድ የሚያከፋፍል መሣሪያ ነው። መሣሪያው በአገራችን ቤቶች መግባት ከጀመረ ወዲህ ስለ አጠቃቀሙም ሆነ ስለ ደኅንነቱ በአማርኛ ብዙ ተጽፏል። የመጠቀሚያ መምሪያዎች ተተርጉመዋል፤ ማስጠንቀቂያዎች ወጥተዋል፤ ጋዜጦችና የሬዲዮ ጣቢያዎች ዘግበዋል። በእነዚህ ጽሑፎች ሁሉ ውስጥ ደጋግመው የሚገኙ ጥቂት ስያሜዎች አሉ፤ እነዚህም «ተጋላጭነት»፣ «ክፍተት»፣ «ነባሪ»፣ «የይለፍ ቃል»፣ «ማዘመን»ና «ጠለፋ» ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ስድስት ስያሜዎች መመርመር ነው። ምርመራችን የሚመራው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ማስጠንቀቂያውን ያነበበ የቤት ባለቤት ምን ማድረግ እንደሚገባው ከቃሉ ሊረዳ ይችላል ወይ የሚል ነው። ጥያቄውን እንዲህ አጥብበን የያዝነው ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙዎቹ የሳይንስ ዘርፎች ስያሜ ቢበላሽ የሚቸገረው ተማሪው ነው፤ ባለሙያው ግን ትርጓሜውን በብያኔው ስለሚያውቅ ቃሉ ቢጣመምም ሥራው አይጣመምም። በቤት ውስጥ ራውተር ጉዳይ ግን በቃሉና በድርጊቱ መካከል ባለሙያ የለም። ማስጠንቀቂያውን የሚያነበው፣ የሚተረጉመውና የሚፈጽመው ያው የቤቱ ባለቤት ራሱ ነው። ስለዚህ ቃሉ ከተሳሳተ ድርጊቱም ይሳሳታል።

2. ስያሜው የሚሸከመው ነገር

ቃላቱን ከመመርመራችን በፊት የሚሰየመውን ነገር ማየት ይገባናል። ለዚህም በይፋ ከታወቁት ጉዳዮች አራቱን እንመርጣለን።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 በሽቴፋን ፊቤክ ይፋ የሆነው ነው። «ደብልዩ ፒ ኤስ» የሚባለው አሠራር የተዘጋጀው፣ ረጅም ቁልፍ መጻፍ የሚከብደው ሰው 8 አኃዝ ብቻ ባለው ቁጥር ወደ ቤቱ መረብ እንዲገባ ለመርዳት ነበር። ስምንተኛው አኃዝ ከቀደሙት ሰባት በስሌት የሚገኝ ማረጋገጫ ስለ ሆነ፣ ቁጥሩን በግምት ለማግኘት የሚፈልግ ሰው እስከ 10,000,000 ጊዜ መሞከር ያለበት ይመስላል። ይሁን እንጂ መሣሪያው ቁጥሩን ለሁለት ከፍሎ የመጀመሪያዎቹን አራት አኃዞች ለብቻ፣ የቀሩትን ለብቻ ያረጋግጣል፤ የመጀመሪያው ግማሽ ትክክል መሆን አለመሆኑንም በመልሱ ያስታውቃል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ግማሽ 10,000፣ ለሁለተኛው 1,000፣ በድምሩ ቢበዛ 11,000 ሙከራ ይበቃል። ጉድለቱ በንድፉ ውስጥ ያለ ነው። የቤቱ ባለቤት የዋይፋይ ቁልፉን የቱንም ያህል ቢያረዝመው ከዚህ አይድንም፤ የሚድነው ይህን የቁጥር መግቢያ ሲዘጋው ብቻ ነው።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 ቼክ ፖይንት የተባለው ኩባንያ ያስታወቀው ነው። በብዙ ራውተሮች ውስጥ «ሮምፔጀር» የሚባል አነስተኛ ፕሮግራም ይገኛል፤ የራውተሩን ማስተካከያ ገጽ ለተጠቃሚው የሚያቀርበው እርሱ ነው። በዚህ ፕሮግራም ውስጥ በነበረ የአጻጻፍ ስሕተት ምክንያት፣ አጥቂ ከሩቅ ሆኖ ምንም ዓይነት የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ መሣሪያውን ሊያዝዝ ይችል ነበር። ያን ጊዜ ቢያንስ 12 ሚሊዮን መሣሪያዎች ይህን ስሕተት ተሸክመው ተገኝተዋል። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የፕሮግራሙ ባለቤት ስሕተቱን ያረመው እ.ኤ.አ. በ2005 መሆኑ ነው። እርማቱ በወጣ በዘጠኝ ዓመቱ ስሕተቱ ገና በየቤቱ ነበር። የራውተር ሠሪዎች አሮጌውን ቅጂ መጠቀማቸውን ቀጥለው ነበርና።

ሦስተኛው እ.ኤ.አ. የ2016 «ሚራይ» ነው። ይህ ጎጂ ፕሮግራም ረቂቅ ጥበብ አላስፈለገውም። ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰጧቸው የታወቁ ስሞችና የይለፍ ቃላት ከ60 የሚበልጡትን በዝርዝር ይዞ ወደ ካሜራዎች፣ ወደ ምስል መቅረጫዎችና ወደ ቤት ራውተሮች እየዞረ ሞከረ፤ የተከፈተለትን መሣሪያ ሁሉ ማረከ። የተማረኩት መሣሪያዎች ጥቅምት 21 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ዳይን በተባለው የኢንተርኔት አድራሻ አገልግሎት ሰጪ ኩባንያ ላይ በአንድነት ዘምተው፣ ታላላቅ የኢንተርኔት አገልግሎቶች ለብዙ ሰዎች ለሰዓታት እንዳይደረስባቸው አድርገዋል። መሣሪያውን አጥፍቶ ማብራት ፕሮግራሙን ከመሣሪያው ያስወጣዋል፤ የይለፍ ቃሉ ካልተለወጠ ግን ተመልሶ ይገባል።

አራተኛው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 የቤልጅግ ሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማቲ ቫንሁፍና ፍራንክ ፒሰንስ ይፋ ያደረጉት «ክራክ» የተባለው ጥቃት ነው። ስልክና ራውተር ሲገናኙ ቁልፍ ለመስማማት አራት መልእክቶችን ይለዋወጣሉ። አጥቂው ሦስተኛው መልእክት በድጋሚ እንዲደርስ ካደረገ፣ ተቀባዩ በሥራ ላይ ያለውን ቁልፍ እንደ አዲስ ይተክለዋል፤ የመልእክቶቹም ቆጣሪ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በዚህ ጊዜ አንድ ዓይነት ምስጠራ ሁለት ጊዜ ጥቅም ላይ ስለሚውል ተሰውሮ የነበረው መልእክት በከፊል ሊነበብ ይችላል። አጥቂው ግን የዋይፋዩን ቁልፍ አያገኘውም። ስለዚህ ቁልፉን መለወጥ አንዳች አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው በስልኩም በራውተሩም ውስጥ ያለውን ፕሮግራም ማረም ነው።

እንግዲህ አራቱን ጉዳዮች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። በመጀመሪያው መፍትሔው አንድ አሠራር መዝጋት ነው። በሁለተኛው የታረመ ፕሮግራም መጫን፣ ይህ ካልተገኘ መሣሪያውን ማስወገድ ነው። በሦስተኛው የይለፍ ቃል መለወጥ ነው። በአራተኛው ቃል መለወጡን ትቶ እርማቱን መጫን ነው። በአማርኛ ጽሑፎች ግን አራቱም የሚጠሩት በአንድ ስም ነው፤ ወይ «ተጋላጭነት»፣ ወይ «ክፍተት»።

3. «ተጋላጭነት»ና «ክፍተት»

«ተጋላጭነት» የሚለውን ቃል ከአመሠራረቱ እንመልከተው። ሥሩ ገለጠ ነው። አጋለጠ ስንል የተሸፈነውን ሰው ወይም ነገር ያለ ሽፋን አስቀረ ማለታችን ነው፤ ተጋለጠ የዚህ ተደራጊ መልክ ነው። «ለዝናብ የተጋለጠ ዕቃ»፣ «ለብርድ የተጋለጠ ሕፃን»፣ «ለድርቅ ተጋላጭ የሆነ ወረዳ» እንላለን። በእነዚህ ምሳሌዎች ሁሉ ሁለት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛ፣ ቃሉ ሁልጊዜ «ለ» የሚል መስተዋድድ ይፈልጋል፤ ለምን እንደ ተጋለጠ ካልተነገረ ሐሳቡ አይሞላም። ሁለተኛ፣ ቃሉ የሚያመለክተው ሁኔታን እንጂ አካል ያለውን ነገር አይደለም። ዝናብ የመታው ዕቃ የራሱ እንከን ላይኖረው ይችላል፤ ሕፃኑም በብርድ ላይ መገኘቱ እንጂ አፈጣጠሩ ጉድለት የለበትም።

እንግሊዝኛው «ቨልነረቢሊቲ» ቁስል ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን በዛሬው የኮምፒዩተር ሙያ ሁለት ፍቺዎችን አጣምሮ ይዟል። አንዱ ለጥቃት የመመቸት ሁኔታ ነው፤ ሌላው በመሣሪያው ውስጥ ያለ፣ ሊቆጠር፣ ሊጠቆምና ሊታረም የሚችል አንድ የተወሰነ ጉድለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ እያንዳንዱ ጉድለት ዓመትና ተራ ቁጥር ተሰጥቶት በዓለም አቀፍ መዝገብ ሲመዘገብ የኖረው በዚህ በሁለተኛው ፍቺ ነው። «ክራክ» ብቻውን 10 የመዝገብ ቁጥሮች ተሰጥተውታል። አማርኛው «ተጋላጭነት» የመጀመሪያውን ፍቺ በደንብ ይሸከማል፤ ሁለተኛውን ግን ሊሸከም አይችልም። «በራውተሩ ውስጥ 10 ተጋላጭነቶች ተገኙ» ማለት ለአማርኛ ጆሮ «በቤቱ ውስጥ 10 ድኽነቶች ተገኙ» እንደ ማለት ነው። በ«-ነት» የተመሠረተ ረቂቅ ስም ብዙ ቁጥርን በግድ ይቀበል ይሆናል እንጂ በተፈጥሮው አይወደውም።

የሰዋስው ጉዳይ ብቻ ቢሆን በቸልታ ልናልፈው በቻልን። ነገር ግን ከዚህ የሚከተል ሌላ ነገር አለ። «የቤትዎ መረብ ተጋላጭ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሰው የሚረዳው ራሱ በአደጋ ላይ መቆሙን ነው። ማን እንዳጋለጠው አይነገረውም፤ ተደራጊው ግሥ አድራጊውን ውጦታልና። አንባቢው በልማዱ ቃሉን የሚያውቀው ከጤናና ከድርቅ ዘገባዎች ስለ ሆነ፣ መጋለጥ በኑሮው ወይም በጥንቃቄ ጉድለቱ የመጣበት ዕዳ ይመስለዋል። ከላይ ካየናቸው አራት ጉዳዮች ግን በሦስቱ ጉድለቱ የመጣው ከንድፍ አውጪው፣ ከፕሮግራም ጸሐፊው ወይም ከፋብሪካው ነው። በአራተኛውም፣ ማለትም በ«ሚራይ» ጉዳይ፣ ለሚሸጠው ዕቃ ሁሉ አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል የሰጠው ሠሪው እንጂ ገዢው አልነበረም። ስያሜው እንግዲህ የሠሪውን ጥፋት ወደ ገዢው ቤት አዛውሮታል።

«ክፍተት» በአንጻሩ ሊቆጠር የሚችል ስም ነው፤ «ሁለት ክፍተቶች» ማለት አያስቸግርም። ሆኖም ይህ ቃል ሌላ ሕመም አለበት። ባለፉት አሥርት ዓመታት በጽሕፈት ቤቶች ዘገባ ውስጥ እጅግ ተለጥጧል። «የአመራር ክፍተት»፣ «የግንዛቤ ክፍተት»፣ «የአፈጻጸም ክፍተት» ሲባል ቃሉ የሚሠራው ሥራ የታወቀ ነው፤ ጥፋት የሚለውን ቃል ሳይጠሩ ስለ ጥፋት ለመናገር ያገለግላል። ክፍተት ከጊዜ ብዛት በራሱ የተፈጠረ እንጂ ማንም ያልፈጠረው ይመስላል። ከዚህም በላይ «ክፍተት ታየ» የሚል አንባቢ አንድ ነገር እንደ ጎደለ እንጂ አንድ ነገር ተበላሽቶ እንደ ተሠራ አይረዳም። በ«ደብልዩ ፒ ኤስ» የጎደለ ነገር አልነበረም፤ የተሠራው ነገር ራሱ ስሕተት ነበር።

ታዲያ ለሁለተኛው ፍቺ ምን እንበለው? «ቀዳዳ» የሚለው ቃል በብዙ ሰው አፍ ላይ አለ። ግዙፍና ግልጽ ነው። ነገር ግን ቀዳዳ ታስቦም ይሠራል፤ የመርፌ ቀዳዳና የቁልፍ ቀዳዳ እንከን አይደሉም። በራውተርም ውስጥ መልእክት እንዲገባና እንዲወጣ ታስበው የተተዉ መተላለፊያዎች ስላሉ፣ ቀዳዳ የሚለው ስም የታሰበውንና ያልታሰበውን ያደባልቃል። በእኛ አስተያየት የተሻለው «ሽንቁር» ነው። ሽንቁር ያለበት እንስራ ከውጭ ሲታይ ደኅና ይመስላል፤ ጉድለቱ የሚታወቀው ውሃ ሲሞላበት ነው። የጭቃ ግድግዳ ሽንቁርም ለሚያጮልቅ ዓይን መንገድ ይሰጣል። ሸክላ ሠሪዪቱም ሆነች ግንበኛው ሽንቁርን አስበው አያበጁትም። ቃሉ ይቆጠራል፤ «ሽንቁሩን ደፈነ» የሚል የኖረ አነጋገርም አለው፤ ስለዚህ እርማቱን «መድፈኛ» ብለን ለመሰየም በሩን ይከፍትልናል። «በራውተሩ ውስጥ ሽንቁር ተገኝቷል፤ መድፈኛው ወጥቷል» ቢባል አንባቢው ሦስት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ያውቃል፤ ጉድለቱ በዕቃው ውስጥ መሆኑን፣ መፍትሔ መኖሩንና መፍትሔው ሥራ ላይ መዋል እንዳለበት።

«ተጋላጭነት»ን ግን እንጣለው አንልም። ሽንቁር ያለበት፣ ያልተደፈነና አጥቂ ሊደርስበት የሚችል መሣሪያ የያዘ ቤት በእርግጥ ለጥቃት ተጋላጭ ነው። ቃሉ ወደ ተፈጥሮው፣ ማለትም ወደ ሁኔታ ስምነቱ፣ ይመለስ ነው የምንለው።

4. «ነባሪ»

በስልኮችና በኮምፒዩተሮች የአማርኛ ገጽታ ላይ፣ ተጠቃሚው ሌላ እስኪመርጥ ድረስ የሚሠራበት ምርጫ «ነባሪ» ይባላል። ከዚህ ተነሥቶ ከፋብሪካ ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው የይለፍ ቃል «ነባሪ የይለፍ ቃል» ተብሏል።

በግእዝ ነበረ ተቀመጠ ማለት ነው። በአማርኛ ነባር ሠራተኛ፣ ነባር ነዋሪ፣ ነባር ልማድ ስንል ቆይቶ የኖረውን፣ ሥር የሰደደውን ማለታችን ነው። «ነባሪ»ን በዚህ መልኩ ተራ ተናጋሪ የሚያውቀው ምናልባት በ«ዓሣ ነባሪ» ስም ውስጥ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ አዲሱን ስያሜ ሲያገኘው የሚተረጉመው በ«ነባር» በኩል ነው። ለኮምፒዩተር ባለሙያ ስያሜው ትክክል ነው፤ የሚለውጠው እስኪመጣ ድረስ ባለበት የሚቀመጥ ምርጫ ነውና። በደኅንነት ጉዳይ ግን የሚፈለገው ተቃራኒው ነው። ይህ ቃል እንዳይነብር ነው ማስጠንቀቂያው የሚጻፈው።

ይህን ስንል ራሳችንን ከወቀሳው ነጻ አናደርግም። ከዓመታት በፊት በተካፈልንበት አንድ የስያሜ ስብሰባ ላይ «ነባሪ» እንዲጸድቅ አጥብቀን ከተከራከሩት ወገን ነበርን። አንድ ባልደረባችን «ነባሪ የሚቀር ነው፤ የሚቀየር አይደለም» ብለው ሲቃወሙ እኛ የግእዙን ሥር ዘርዝረን፣ የእርባታውን ሕግ ጠቅሰን መለስንላቸው። በመልሳችንም ረክተን ወጣን። ባለፈው ክረምት ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ጡረተኛ መምህር ከራውተራቸው ጋር የመጣላቸውን መምሪያ ይዘው መጡና «ነባሪውን የይለፍ ቃል ይቀይሩ» የሚለውን ትእዛዝ በጣታቸው እያመለከቱ «ነባሪ ከሆነ ለምን ይቀየራል? ነባሩ ይከበራል እንጂ!» አሉን። ዕድሜ ልካቸውን አማርኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ቃሉን አልተሳሳቱም፤ እንዲያውም በትክክል አንብበውታል። ትእዛዙን ግን የትርጉም ስሕተት አድርገው ስለ ቈጠሩት ለሦስት ዓመታት ያህል ሳይፈጽሙት ኖረዋል። የተሳሳትነው እኛ ነን።

ከዚህ ያገኘነው ትምህርት አጭር ነው። ሥሩ የቀና ስያሜ ሁሉ የቀና አይደለም፤ ስያሜ ሊፈተን የሚገባው በብያኔው ውስጥ ብቻ ሳይሆን ሊነበብ በሚችልበት ትእዛዝ ውስጥም ነው። «ነባሪ»ን «ይቀይሩ» ከሚል ግሥ ጎን አስቀምጠን ቢሆን ኖሮ ግጭቱ ወዲያው በታየን ነበር። ለዚህ ጉዳይ «የፋብሪካ የይለፍ ቃል» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። ስያሜው ረቀቅ ያለ ጥበብ የለበትም። ነገር ግን ቃሉ ከየት እንደ መጣ ይናገራል፤ ከፋብሪካ የመጣ ቃል የፋብሪካው ሰውና የፋብሪካውን ዕቃ የገዛ ሌላ ሰው ሊያውቀው እንደሚችልም አንባቢው በራሱ ይደርስበታል። በሌላው የኮምፒዩተር አገልግሎት «ነባሪ» ይቆይ ወይስ «መነሻ» በሚለው ይተካ የሚለው ለብቻው ውይይት የሚያስፈልገው ነው።

5. ስለ ቀሩት ሦስት ስያሜዎች

ሀ) «የይለፍ ቃል»። ስያሜው ራሱ መልካም ነው። «ይለፍ» ከሚለው የትእዛዝ አንቀጽ ተነሥቶ የዘብና የኬላን ሥርዓት ስለሚያስታውስ አገልግሎቱን በሚገባ ይገልጻል። ችግሩ በአንድ ራውተር ላይ ሁለት የይለፍ ቃላት መኖራቸው ነው። አንዱ ስልኮች ወደ ቤቱ መረብ የሚገቡበት ነው፤ ሌላው የራውተሩን ማስተካከያ ገጽ የሚከፍት ነው። የመጀመሪያውን ለእንግዳ እንነግራለን፤ ሁለተኛውን ለማንም መንገር አይገባም። በአማርኛ መምሪያዎች ሁለቱም በአንድ ስም ስለሚጠሩ አንባቢው አንዱን ለውጦ ሁለቱን የለወጠ ይመስለዋል። «ሚራይ»ን የመሰለው ጥቃት የሚገባው ደግሞ በሁለተኛው በኩል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው «የመረብ ቁልፍ»፣ ሁለተኛው «የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል» ቢባሉ ይለያሉ። ቁልፍ ለቤተሰብና ለእንግዳ ይሰጣል፤ የአስተዳዳሪ ቃል ግን ከባለቤቱ አይወጣም።

ለ) «ማዘመን»። ራውተርን «ያዘምኑ» ሲባል የተለመደው ፍቺ ዘመናዊ ማድረግ ነው። አንባቢው ትእዛዙን የሚያየው እንደ ጌጥና እንደ ምቾት ጉዳይ ነው፤ «ያለኝ ይበቃኛል» ብሎም ያልፈዋል። በ«ሮምፔጀር» ጉዳይ ዘጠኝ ዓመት የዘለቀው ቸልታ በዋናው የሠሪዎቹ ነበር፤ ነገር ግን እርማት ከሠሪው በወጣ ጊዜም ቢሆን ከቤቱ ደጃፍ አልፎ የሚገባው አንባቢው ጠቃሚነቱን ሲያምን ነው። አዲስ አገልግሎት የሚጨምረው «ማዘመን» ቢባል አንቃወምም። ጉድለት የሚያርመው ግን «መድፈኛ» ይባል፤ ትእዛዙም «መድፈኛውን ይጫኑ» ይሁን። የሚፈስ እንስራ ያለው ሰው እንስራው ዘመናዊ እንዲሆንለት አይጠይቅም።

ሐ) «ጠለፋ»። ይህ ቃል ከጥልፍ ሥራ እስከ አውሮፕላን ጠለፋ ድረስ ሰፊ ግዛት አለው። «ስልክ ጠለፈ» ስንል በመካከል ገብቶ አደመጠ ማለት ነው፤ ስልኩ ግን በባለቤቱ እጅ ነው። «አውሮፕላን ጠለፈ» ስንል ግን ማዘዣውን በቁጥጥሩ ሥር አዋለ ማለት ነው። ራውተር «ተጠለፈ» ሲባል አንባቢው ከሁለቱ የትኛውን ይረዳ? «ክራክ» የመጀመሪያው ዓይነት ነበር፤ መልእክቱ በአየር ላይ ሳለ ይደመጣል። «ሚራይ» የሁለተኛው ዓይነት ነበር፤ መሣሪያው ጌታ ይለውጣል። ምልክታቸውም፣ መፍትሔያቸውም ይለያያል። «ጠለፋ» ለመጀመሪያው ተወስኖ፣ ለሁለተኛው «ምርኮ» የሚለው ቢያዝ ልዩነቱ ይጸናል። የተማረኩ መሣሪያዎች በአንድ አዛዥ ሥር የሚዘምቱበትን አደረጃጀትም «የምርኮኞች መረብ» ልንለው እንችላለን። ምርኮኛ ሳይወድ ለማራኪው እንደሚሠራ ሁሉ፣ የተማረከው ራውተርም የባለቤቱን ቤት እያገለገለ በሥውር የሌላውን ትእዛዝ ይፈጽማል።

6. ሊነሡ ስለሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ተጋላጭነት»ና «ክፍተት» በይፋ ጽሑፎች ውስጥ የገቡ ስለ ሆኑ መነካት የለባቸውም የሚል ነው። የገባን ስያሜ በቀላሉ መንቀል እንደማይገባ እንስማማለን፤ ተርጓሚን የሚያሰለቸው በየዓመቱ የሚለዋወጥ ስያሜ ነው። ነገር ግን ሐሳባችን መንቀል ሳይሆን መለየት ነው። ለአንድ ቃል ሁለት ሸክም ከማሸከም ሁለተኛውን ለሌላ ቃል መስጠት ይሻላል።

ሁለተኛው «ሽንቁር» የጓዳ ቃል ነው፤ ለሳይንስ አይመጥንም የሚል ነው። ለዚህ መልሳችን «መረብ» ነው። መረብ የዓሣ አጥማጅ ዕቃ ነበር፤ ዛሬ ግን በኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ስም ውስጥ ይገኛል፤ ይህንንም እንደ ውርደት የሚቈጥረው የለም። ቃል ክብሩን የሚያገኘው ከሚሠራው ሥራ ነው። በስያሜ ሥራ የተለመደው መንገድም አስቀድሞ በሕያው አማርኛ ውስጥ መፈለግ፣ ከዚያ ወደ ግእዝና ወደ ሌሎቹ የአገራችን ቋንቋዎች መሄድ፣ በመጨረሻ ከውጭ መዋስ ነው። ጓዳውን ሳይፈትሹ ወደ ገበያ መውጣት ከሥርዓት ውጭ ነው።

ሦስተኛው የእንግሊዝኛውን ቃል እንዳለ መውሰድ ይሻላል የሚል ነው። «ራውተር»ና «ዋይፋይ»ን እኛም እንዳሉ ተቀብለናል፤ መሣሪያው ከነስሙ የገባ ነውና «መንገድ መሪ» እያሉ ማስቸገር አያስፈልግም። የዕቃ ስም ግን ሌላ ነው፤ ዕቃውን በእጅ ጠቁመን ልናሳየው እንችላለን። ሽንቁር በጣት አይጠቆምም። የማይታይ ነገር ስም በራሱ ካልተናገረ የሚናገርለት ሌላ የለም።

በመጨረሻ የራሳችንንም ሐሳብ ድካም መግለጽ ይገባናል። «ሽንቁር» ሁሉን አይሸፍንም። የ«ሚራይ» መግቢያ የነበረው የፋብሪካ የይለፍ ቃል በጥብቅ አነጋገር ሽንቁር አይደለም፤ በሩ ደኅና ነበር፤ ቁልፉ ግን ለመንደሩ ሁሉ አንድ ነበር። እንዲህ ያለውን «የአሠራር እንከን» ብሎ ለብቻው መያዝ ሳያስፈልግ አይቀርም። በሙያው ውስጥ ላሉት ሌሎች ረቂቅ ልዩነቶችም ይህ ዝርዝር በቂ አይደለም።

7. ማጠቃለያ

ከላይ በሐተታው የቀረቡት ሐሳቦች ባጭሩ የሚከተሉት ናቸው፤

– ሽንቁር፤ በመሣሪያው ንድፍ ወይም ፕሮግራም ውስጥ ያለ፣ አጥቂ ሊገባበት የሚችል የተወሰነ ጉድለት።
– መድፈኛ፤ ሽንቁርን ለማረም ከሠሪው የሚወጣ ፕሮግራም።
– ተጋላጭነት፤ ሽንቁሩ ሳይደፈን ወይም እንከኑ ሳይታረም ለጥቃት ተመችቶ የመገኘት ሁኔታ።
– የአሠራር እንከን፤ መሣሪያው ደኅና ሆኖ ሳለ ከአዘጋጀጁ ወይም ከአጠቃቀሙ የሚመጣ ጉድለት።
– የፋብሪካ የይለፍ ቃል፤ ከመሣሪያው ጋር የመጣና ሊለወጥ የሚገባው ቃል።
– የመረብ ቁልፍ፤ ወደ ቤቱ ገመድ አልባ መረብ የሚያስገባ ቃል።
– የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል፤ የራውተሩን ማስተካከያ ገጽ የሚከፍት ቃል።
– ጠለፋ፤ የሚተላለፍን መልእክት በመካከል ገብቶ ማድመጥ።
– ምርኮ፤ መሣሪያን በአጥቂ ትእዛዝ ሥር ማዋል።

በብሪታንያ ከሚያዝያ 29 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ሕግ፣ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኙ የቤት ዕቃዎች ሠሪዎች ለሚሸጡት ዕቃ ሁሉ አንድ ዓይነት የፋብሪካ የይለፍ ቃል እንዳይሰጡ ከልክሏል፤ ሽንቁር ያገኘ ሰው የሚያስታውቅበትን አድራሻና መድፈኛ እስከ መቼ እንደሚያቀርቡም እንዲገልጹ አስገድዷል። እንዲህ ያለ ድንጋጌ በአማርኛ መጻፍ ያስፈለገ እንደ ሆነ አርቃቂው የሚቸገረው በሐሳብ ሳይሆን በቃል ይሆናል። «ክፍተት» ብሎ ቢጽፍ ክፍተቱን የፈጠረ አይታወቅም፤ «ተጋላጭነት» ብሎ ቢጽፍ ተጠያቂው ገዢው ይመስላል፤ «ነባሪው ይቀየር» ብሎ ቢጽፍ ጎረቤታችን መምህር የሰጡን ዓይነት መልስ ይጠብቀዋል። ግዴታ የሚጣልበት ወገን እንዲታወቅ አስቀድሞ የጉድለቱ ቦታ መታወቅ አለበት፤ ይህም የስያሜ ሥራ ነው።

የቀረቡት ስያሜዎች ለውይይት እንጂ ለማጽደቅ የቀረቡ አይደሉም። የመምሪያና የማስጠንቀቂያ ጽሑፎችን የሚተረጉሙ አንባቢዎቻችን ስያሜዎቹን በትእዛዝ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብተው፣ ኮምፒዩተር የማያውቅ አንድ የቤት ባለቤት ፊት አስነብበው፣ ያገኙትን መልስ ቢልኩልን ከእኛ የግእዝ ሥር ዝርዝር ይልቅ የሚጠቅመው ያ ይሆናል።